ግራ የገባው ጃዝ

ለከተማችንና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በአገር ውስጥም ከአገር ውጭም ለምትገኙ ወዳጆቿ በሙሉ፦ አንሶላው ተሰቅሏል።

ይህን ያበሠረው የላስታ ጥንታዊ አሻራ አፈላላጊ ኮሚቴ ነው። አንሶላው ነጭ ነው፤ ስፋቱ ለባለትዳር አልጋ ይበቃል። የተሰቀለውም በእትዬ የትናየት ባህል ቤት፣ መድረኩን ከልብስ መቀየሪያው በሚለየው ገመድ ላይ ነው። አሰቃቀሉን የሚከታተል ንኡስ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ንኡስ ኮሚቴውም የመቆንጠጫ ጉዳይ የሚያጣራ ሌላ ንኡስ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ሥራው ያለ አንዳች እጥፋት ተጠናቋል። አንሶላው የየትናየት ነው። ያመሰገናት የለም።

አንሶላው ላይ የሚታየው ጃዝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በገና ሰሞን ነው። ሚስ ሎሬታ የምትባል ጡረታ የወጣች ጥቁር አሜሪካዊት መምህር ለበዓሉ ላሊበላ መጥታ፣ ማታ ማታ ባህል ቤቱ እየገባች እስክስታ ስታይ ሰነበተች። ልትሄድ ስትል ለየትናየት አንድ ፍላሽ ሰጠቻት። ፍላሹ ውስጥ አጫጭር የሙዚቃ ፊልሞች ነበሩ፤ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ዘፈን ሲያልቅ ያልቃሉ። ዱሮ፣ አያቶቿ ወጣት ሳሉ፣ በአገሯ ቡና ቤቶች ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያክል ማሽን ይቆም ነበር አለች። ሳንቲም ሲያጎርሱት ደረቱ ላይ ያለው መስኮት በርቶ አንድ ባንድ ይጫወታል፣ አንድ ተወዛዋዥ ይወዛወዛል፤ ከዚያ ይጠፋና ሌላ ሳንቲም ይጠብቃል። ጥቁሮቹ ሙዚቀኞች በማሽኑ መስኮት በኩል የማይገቡበት ቡና ቤት አልነበረም። በበሩ በኩል ግን ብዙ ቦታ አይገቡም ነበር።

አስተርጓሚው የኮሚቴው ሰብሳቢ የኔሰው ነበር። የኔሰው በቅርስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ አለው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ላስታ ውስጥ ካለ ገና አላገኘውም ማለት ነው። ሚስ ሎሬታ መዳፏን ፊቷ ፊት ዘርግታ ወዲህ ወዲያ እያገላበጠች ረዘም ያለ ነገር ስታስረዳ፣ የኔሰው ጥቂት አሰበና «ማሽኑ ውስጥ መስታወት ነበረ ትላለች። ለመልካቸው ይጠነቀቁ ነበር ማለት ነው» ብሎ አሳጠረው። ሁሉም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ሴትዮዋም መልእክቷ የደረሰ መስሏት ነቀነቀች።

በማግሥቱ ፊልሞቹ ባህል ቤቱ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ሲታዩ፣ ከተወዛዋዦቹ መካከል አንዱ ቆሞ ቀረ። ስሙ ይታገሱ ነው። ትከሻው አጥንት የለውም ይባልለታል፤ ነገር ግን ግራኝ ነው። ረድፉ ወደ ቀኝ ሲል እሱ ወደ ግራ ይላል፤ ሰው ይገጫል። ስለዚህ የትናየት ከኋላ ረድፍ ጫፍ፣ ከምሰሶው ሥር ተክላው ነበር፤ እዚያ የሚገጨው ምሰሶውን ብቻ ነው። ፊት ለፊት የሚወዛወዘው ደርበው ነው፤ ደርበው ቀኝ ነው፤ ከዚያ ሌላ ይህን ያህል የሚወራለት ነገር የለውም።

ይታገሱ የኩልመስክ ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ይማርሽ በልጅነቱ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ግራ እጁን በመቀነታቸው ከወገቡ ጋር ያስሩት ነበር። በግራ አይጎረስም፣ በግራ አይሰጥም፣ በግራ አያማትቡም፤ ይህን ለማስተማር ከመቀነት የተሻለ መምህር አልነበረም። ልጁ በቀኙ መጉረስ ለመደ። መደነስ ሲጀምር ግን መቀነቱ ሩቅ ነበር። ከተማው «ግራው» ይለዋል፤ ክፋት የለበትም፤ ወንበር ወንበር እንደሚባለው ነው።

እና አሁን ግድግዳው ላይ ያሉት ሁሉ ግራኝ ነበሩ።

መለከት ነፊው ቁልፎቹን የሚጫነው በግራ ጣቶቹ ነው። ጊታር መቺው የጊታሩን አንገት ወደ ቀኝ አውጥቶ በግራው ይገርፋል። ከመካከላቸው ነጭ ኮት የለበሰ፣ ጫማው ወለሉን እንደ ከበሮ የሚመታ ቀጭን ሰውዬ በግራ እጁ ከዘራ እያሽከረከረ ይወጣል፤ ባርኔጣውንም በግራው አንሥቶ ይሰናበታል። ደርበው «አቤት፣ ግራው ዘመዶች ነበሩት!» ብሎ ሳቀ። ሌላውም ሳቀ። ይታገሱ ግን ድገሙልኝ አለ። ደገሙለት። አሁንም ድገሙልኝ አለ። የትናየት የመብራት ቆጣሪውን አስታውሳ ፊልሙን አጠፋችው።

በሚቀጥለው ሳምንት ይታገሱ የቢራ ቆርኪ ለቅሞ ጫማው ሶል ላይ ቸነከረ፤ ከጓሮ ጣውላ ላይ ቆሞም ያንን ቀጭን ሰውዬ በስልኩ እያየ ይከተል ጀመር። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን በልቡ ሳይገለብጥ የሚማረው ነገር አገኘ። ሰውዬው በግራ ሲጀምር እሱም በግራ። ጎረቤት መጋዝ ቤት የተከፈተ መስሎት ሊያይ መጣ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የአንድ ሰው ደስታ ብቻ ስለነበር ማንንም አልጎዳም። የኔሰው ሰማ።

የኔሰው ፊልሞቹን በላፕቶፑ አጉልቶ መረመረ። ከትልቁ ከበሮ ፊት ላይ ፊደላት ተጽፈው አገኘ። እንግሊዝኛ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም፤ አቅጣጫቸው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ጥንታዊ ፊደል ደግሞ የኔሰው የሚያውቀው አንድ ነው፤ ሳባ። ዓረብኛስ፣ ብሎ የጠየቀ የኮሚቴ አባል ለሚቀጥለው ስብሰባ አልተጠራም።

የቀረው የሊቅ ምስክርነት ነበር። የኔሰው ላፕቶፑን ታቅፎ ግራ ጌታ ገብረ ዮሐንስ ዘንድ ሄደ። በማኅሌት መዘምራን በሁለት ረድፍ ትይዩ ይቆማሉ፤ የቀኙን ረድፍ ቀኝ ጌታ ይመራል፣ የግራውን ግራ ጌታ። ገብረ ዮሐንስ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ግራውን ሲመሩ የኖሩ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩት።

«የኔታ፣ ይህ ሰውዬ የያዘው መቋሚያ አይመስልም?»

«ዱላ ነው፣ ልጄ።»

«አወዛወዙስ? ዝማሜ አይደለም?»

«ዱላ የወዘወዘ ሁሉ ከዘመመማ፣ ፍላቂት ገበያ አህያ የሚነዳው ሁሉ መሪጌታ ነው።»

የኔሰው አልተሸነፈም። እንደምን ሁሉም ግራኝ ሊሆኑ ቻሉ ሲል ጠየቃቸው። ግራ ጌታ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ።

«ግራኝ ከሆኑማ የእኔ ወገን ናቸው» አሉ። «ቀኝ ጌታ እንዳይሰማ።»

ስቀው ነበር። ቃለ ጉባኤ ሳቅ አይመዘግብም። በማግሥቱ «ሊቁ የዘር ሐረጋቸውን አረጋግጠዋል» ተብሎ ተጻፈ፤ ማኅተምም ተመታበት። ከወር በኋላ «ከማኅሌት ግራ ረድፍ እስከ ጃዝ» የሚል ጥናት ወጣ። ጥናቱ እንደሚለው በጥንት ዘመን የላስታ የግራ ረድፍ መዘምራን ከቀኞቹ ጋር ተቀያይመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገቡ፤ የተጓዙበት መንገድ በጀት ሲለቀቅ ይጠናል።

እንግዳ እንደ ልቡ በማይመጣበት ዘመን፣ ከተማ የቀረበለትን ሁሉ ይጎርሳል። እኛም ጎረስን፤ በግራ። የኔሰው ፊርማውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ፤ ፊርማው ዶሮ የጫረው አመድ መሰለ፤ ባንክ ቤት ሁለት ጊዜ መታወቂያ ጠየቁት። «ግራ ነን!» የሚል ካናቴራ ታተመ። በኮሚቴው ምሳ ላይ ሰብሳቢው በግራ እጁ ጠቅልሎ ሲጎርስ አስተናጋጇ አማተበች፤ በቀኝ። ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ እንግዳ የሚወስዱ አስጎብኚዎች መንገድ ላይ ስለ ጃዝ ማስረዳት ጀመሩ፤ እንግዶቹም እጥፍ ድርብ ግራ ገብቷቸው ተመለሱ።

ከሁሉ የተለወጠው የይታገሱ ኑሮ ነው። የጥናቱ ምርቃት ቀን ተቆርጦ፣ ከዞንም ከክልልም ክቡራን እንግዶች ሊመጡ ሆነ፤ መድረኩ ላይ የሚወጣ ሕያው ማስረጃ አስፈለገ። የትናየት ከምሰሶው ሥር ነቅላ ፊት ረድፍ፣ መሐል ላይ አቆመችው። ደርበው ወደ ምሰሶው ተላከ፤ በግራ ለመጀመር ሲታገል ምሰሶውን በግንባሩ አገኘው። መንገድ ላይ ሰዎች ይታገሱን ያስቆሙትና ግራ እጁን ይጨብጡታል። «ግራው» የሚለው ስም ራሱ «አያ ግራው» ሆነ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ፊት ረድፍ ላይ ሲቆም ግን ከፊቱ የሰው ማጅራት የሌለበት መድረክ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አይቶ እንደ ሕፃን ደነገጠ። ማታ ከመድረክ ሲወርድ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ከዚህ ቦታ አልመለስም።

ምርቃቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ብቻውን ይለማመድ ነበር። እዚያ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት አለ። የኔሰው ለልምምድ ያዋሰውን ላፕቶፕ ከኋላው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በመስታወቱ ውስጥ ራሱንና ቀጭኑን ሰውዬ አንድ ላይ እያየ ሊያመሳስል አሰበ። ፊልሙ ተጀመረ። መስታወቱ ውስጥ መለከት ነፊው በቀኝ ጣቶቹ ይጫናል። ጊታሩ ዞሯል። ቀጭኑ ሰውዬ ከዘራውን በቀኝ ይዞ ወጣ። የከበሮው ፊደልም ተነበበ፤ ሳባ አልነበረም። የባንዱ ስም ነበር፣ በእንግሊዝኛ፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሁሉ የሚያነበው።

ያን ጊዜ የሚስ ሎሬታ መዳፍ ትዝ አለው፤ ወዲህ ወዲያ የተገላበጠው። ማሽኑ ውስጥ መስታወት ነበረ። ፊልሙ ተገልብጦ የታተመው መስታወቱ መልሶ እንዲያቃናው ነው። ማሽኑ ሲቀር ግልባጩ ብቻውን ቀረ፤ ግልባጩም ላሊበላ መጣ።

ሰዎቹ ቀኝ ነበሩ። እንደ ደርበው።

ይታገሱ መስታወቱ ውስጥ ራሱንም አየ። እሱም ቀኝ ሆኗል። ወይዘሮ ይማርሽ መቀነታቸውን ይዘው ሲመኙት የኖሩት ልጅ እዚያ ውስጥ ከነከዘራው ቆሞ ያየዋል። ላፕቶፑን ዘጋው። ለማንም አልተናገረም። ማታም ፊት ረድፍ ቆሞ ተወዛወዘ፤ ጥሩም ተወዛወዘ። ውሸቱ የእሱ አይደለም፣ ማኅተም ያለበት የኮሚቴው ነው፤ ቦታው ግን የእሱ ነው። እንዲህ እያለ ሰነበተ።

በምርቃቱ ዋዜማ እናቱ ከኩልመስክ በሚኒባስ መጡ። ወሬው እዚያም ደርሶ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ የአሜሪካ ጃዝ አባት እናት እያለ አስቸግሯቸዋል። ይታገሱ ሻይ ቤት አስገባቸው። ወይዘሮ ይማርሽ ስኳሩን እያማሰሉ ልጃቸውን ሲያዩት ቆዩና፣ ግራ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው በሁለት እጃቸው ያዙት። ዕድሜውን ሁሉ ያንን እጅ ሳያስሩት ይዘውት አያውቁም ነበር።

«ይህን ማን ነገረኝ ያኔ» አሉ። «ለካ ዘር አለው። ባውቅ ኖሮ ምን አሳሰረኝ።»

ይታገሱ እጁን አልነጠቀም።

«ዘር ባይኖረውስ፣ እማዬ?»

«እንዴት?»

«እንዲሁ ግራ ቢሆንስ? ከማንም ያልመጣ። እንዲያው የኔ ብቻ።»

ወይዘሮ ይማርሽ ጥያቄው አስቂኝ ሆነባቸው።

«እንዲያማ ከሆነ አስሬው የለ እንዴ» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

ክፋት የለበትም። እንደ ልባቸው ነው የተናገሩት። ይታገሱ ሻዩን ከፍሎ፣ እናቱን ማደሪያቸው አድርሶ ተመለሰ።

በምርቃቱ ዕለት አዳራሹ ጠባብ ሆነ። ፕሮጀክተሩ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ለክቡራኑ ሶፋ የሚሆነውን ቦታ ያዘ። የኔሰው ጠረጴዛውን ይዞ ሲጨነቅ፣ ይታገሱ ፕሮጀክተሩን አንሥቶ ከአንሶላው ጀርባ፣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ከነኤሌክትሪክ ገመዱ ተከለው። ብርሃኑ ከኋላ አንሶላውን አልፎ ይታያል፤ ምንም አይጎድልበትም።

«ይሄ ነው አመራር» አለ የኔሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ በግራው። «አየህ፣ ለክቡራን ቦታ ተገኘ።»

ሶፋው ገባ። ክቡራኑ ተቀመጡ። ግራ ጌታና ቀኝ ጌታም ተጋብዘው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ይማርሽ አዲስ ነጠላ ለብሰው ከሦስተኛው ረድፍ ናቸው። የኔሰው ጥናቱን ከፍቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መብራት እንዲጠፋ አዘዘ።

«እንደምትመለከቱት» አለ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «መለከት ነፊው ቁልፎቹን የሚጫነው በግራ እጁ ሲሆን…»

ከጀርባው በበራው አንሶላ ላይ ግን ሥዕሉ ተገልብጦ፣ መለከት ነፊው በቀኙ ይጫናል።

«…ጊታር መቺውም እንዲሁ…»

ከአዳራሹ ሳል ተሰማ። የኔሰው ማንበቡን ቀጠለ፤ የተጻፈ ነገር ፊቱ ካለ አንሶላ ማየት አልለመደም። ስለ ከበሮው ጽሑፍ ደርሶ እስካሁን ያልተፈታ የሳባ ጽሕፈት ነው ሲል፣ የክልሉ እንግዳ መነጽራቸውን አስተካክለው የባንዱን ስም ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያም ወደ ጎናቸው ዞር አሉ።

«ሳባ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?»

የኔሰው ያን ጊዜ ዞሮ አየ። አዳራሹም የእሱን ፊት አየ። በጸጥታው ውስጥ ግራ ጌታ ገብረ ዮሐንስ ወደ ቀኝ ጌታ ዘንበል ብለው «ወገኖቼ ከዱኝ፤ ያንተው ናቸው፣ ውሰዳቸው» ሲሉ እስከ ኋላ ረድፍ ተሰማ። ሳቁ ከዚያ ጀመረ።

ሁለተኛ ዲግሪ ግን በከንቱ አይሰጥም። የኔሰው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ይህ የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል መሆኑን፣ የቀኝ ረድፍ መዘምራንም ሚና ቀላል እንዳልነበረ፣ አሁን በተግባር እንደሚታይ አስታወቀ። ወደ መድረኩ ጥግ ጠጋ ብሎም ይታገሱን በሹክሹክታ አዘዘው፤ ከዘራውን በቀኝ። በቀኝ ይዘህ፣ በቀኝ ጀምር። ካልሆነ ደርበው ይውጣ። ደርበው ግንባሩ ላይ እንዳበጠ ከምሰሶው ሥር ቀና አለ።

ይታገሱ ወጣ። ከዘራው በግራ እጁ ነበር።

ከኋላው ቀጭኑ ሰውዬ በቀኝ ጀመረ፤ እሱ በግራ። የቆርኪው ድምፅ ጣውላውን እየነከሰ ከፊልሙ ከበሮ ጋር ገጠመ። ሰውዬው ከዘራውን ወደ አንድ ወገን ሲዘረጋ ይታገሱ ወደ ሌላው ይዘረጋል፤ ሁለቱ እንደ በር ሁለት መዝጊያ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ማንንም አልገጨም። የሚገጨው ሰው አጠገቡ አልነበረም፤ ያለው ከሞተ የቆየ አንድ አሜሪካዊ ነው፣ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ትይዩ የሚቆምለት ሰው አግኝቶ ደስ ያለው ይመስል ነበር። አዳራሹ ሳቁን ረስቶ ያጨበጭብ ጀመር። ወይዘሮ ይማርሽ አጨበጨቡ አላጨበጨቡ ከመድረክ አይታይም። ይታገሱ ወደዚያ አላየም። ሰውዬው ባርኔጣውን በቀኙ አንሥቶ ሲሰናበት፣ እሱ በግራው እጅ ነሣ።

ኮሚቴው እዚያው፣ ከአንሶላው ጀርባ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። የኔሰው ላብ አጥምቆታል፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አዘጋጅቷል፤ የትናየት እጇን አጣምራ ቆማለች። ይታገሱ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታል።

የኔሰው ፕሮጀክተሩን ሆን ብሎ እንደሆነ ያዞረው ጠየቀው። ይታገሱ አዎ አለ። ሰዎቹ ቀኝ መሆናቸውን ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። አዎ አለ። የትናየት መሐል ገብታ፣ ከነገ ጀምሮ ቦታህ ምሰሶው ሥር መሆኑን ታውቃለህ አይደል አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ሐዘንም ነበረበት። እሱንም አዎ አለ።

«አንተ ሰው፣ እኮ ለምን?» አለ የኔሰው። «ፊት አቆምንህ። ዘር ሰጠንህ። ሰው እጅህን ጨበጠ። መጀመሪያውኑ ባታፈርሰው፣ ካፈረስኸው ደግሞ እሺ ብለህ በቀኝ ብትይዝ ምን ነበረበት? አንዱን እንኳ አስረዳን።»

ይታገሱ የግራ ጫማውን አውልቆ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። የላላ አልነበረም።

«ለቃለ ጉባኤው ነው» አለ የኔሰው ለዘብ ብሎ። «ምን ብለን እንጻፍ?»

«አላብራራም።»

«‹አላብራራም› ብለን እንጻፍ?»

«እሱንም አላብራራም» አለ ይታገሱ።